ከግራሯ ሥር ያልተቀመጠችው

ጥቅምት ሲጋመስ ጆሮዬን እጠላዋለሁ። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ጀርባ፣ ከኮኪት ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ሰሊጥ የሚራገፍበት እርሻ አለ። ቆሞ የደረቀውን ነዶ ይገለብጡትና በዱላ ቸብ ቸብ ያደርጉታል፤ ፍሬው ሸራው ላይ ሲወርድ ካፊያ ቆርቆሮ ላይ የጣለ ይመስላል። የአገሩ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ድምፅ ነው። እኔ ግን በዚያ ሰሞን የስፖርት ክፍለ ጊዜዬን ወደ ማዶው ሜዳ አዛውራለሁ። ተማሪዎቼ «መምህር ሰሊጥ ይፈራል» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ አልተሳሳቱም።

ከድምፁ ጋር እህቴ ትመጣለች። ፊቷን አታሳየኝም። ሁልጊዜ የማየው ጀርባዋን ነው፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ፣ ማጭድ ይዛ፣ ከእኔ አንድ እርምጃ ቀድማ። «ቆይኝ» እላታለሁ በሆዴ። ቆማልኝ አታውቅም።

ወደ ቆላው ስንወርድ እኔ የአሥራ ዘጠኝ፣ እሷ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ነበርን። አገራችን ደጋ ነው፣ ወደ ጋይንት። ለአረም በክረምት ወርዶ አዝመራው ሲያልቅ የሚመለሰውን ሠራተኛ እዚህ ሳሉግ ይሉታል፤ እኛም ሳሉግ ሆንን። እኔ ያቋረጥሁትን ትምህርት መቀጠያ ፍለጋ ነው። እሷ ታጭታ ነበር። ሰርጓ ለፋሲካ ማግስት ተቆርጦ ሳለ ባዶ እጄን ጎጆ አልገባም ብላ ነው የወረደችው። እናታችን ስትሸኘን የእሷን እጅ አንሥታ እጄ ላይ አስቀመጠችና «አደራ» አለችኝ።

እርሻው ከኮኪት የግማሽ ቀን መንገድ ይርቅ ነበር። በካምፑ ውስጥ ወንዱ ለቁጥር ያታክታል፤ ሴቶቹ ግን ስምንት ቢሆኑ ነው። የእነሱ ሥራ አረምና ምግብ ማብሰል ነበር። አጨዳው የወንድ ነው፤ በኮንትራት፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ። አብሮህ የሚያጭደው ሰው ሸሪክህ ይባላል። ሸሪክ ለሌለው ኮንትራት አይሰጠውም፤ ምክንያቱም ሰሊጥ ሰው አይጠብቅም፣ አንድ ሁለት ቀን ካለፈው አፉን ይከፍትና ፍሬውን መሬት ላይ ይዘረግፈዋል። የእኔን ሸሪክ ገና በመስከረም መጨረሻ ወባ ጣለችው። በመኪና ወደ ጤና ጣቢያ ላኩትና ብቻዬን ቀረሁ።

«እታለም፣ አንቺ ነይ» አልኋት።

«እኔ? ወንዶቹ ምን ይሉኛል?»

«ምን ይላሉ! ለአንድ ሳምንት ነው።»

ሳምንቱ መላው አዝመራ ሆነ። የእርሻው ባለቤት ወኪል መጀመሪያ ሲያያት ሳቀ፤ በሦስተኛው ቀን መሳቁን ተወ። መስመሯን ይዛ ስትገባ ቀና አትልም። ሳሉጉ ስም አወጣላት። «ትራክተሯ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ!» ይሏታል። ደስ ይላት ነበር። እኔን ደግሞ ከእሷ ይበልጥ ደስ ይለኝ ነበር፤ በእህቴ ጉልበት እኔ እኮራ ነበር።

ምግባችን የማሽላ ቂጣ በቀጭን ሽሮ ነው፣ ለሰው አንድ ቂጣ። እሷ ገና ሳትቀመጥ የራሷን ትገምሰውና ግማሹን እኔ ፊት ትጥለዋለች። «ወንድ ልጅ ሆዱ ሰፊ ነው፣ ብላ ወንድምዓለም» ትለኛለች። እኔም እበላለሁ። አንድ ቀን እንኳ «አንቺስ?» ብዬ የጠየቅሁ አይመስለኝም። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። እኔ መንገደኛና ሠራተኛ ጾም አይያዝበትም የሚል ሕግ ለራሴ አውጥቼ ከጠዋት ጀምሬ እበላ ነበር። በኅዳር የነቢያት ጾም ገባ፤ እሷ እሱንም ያዘችው።

ጥቅምት ሳያልቅ የሸሚዜ ስፌት ትከሻዬ ላይ ተተረተረ። ከአንድ ሾፌር የተሰበረ መስተዋት አግኝቼ ክንዴን እያጠፍሁ አየው ነበር። ወንድ ሆንሁ አልሁ። እሷ ግን ቀሚሷ ዙሪያዋን ሁለቴ የሚዞር ይመስል ነበር። የእጇ አንጓ አጥንት ወጣ። ሥራ አቀጠናት ብዬ አለፍሁት። አንድ ሥራ፣ አንድ ፀሐይ፣ አንድ መስመር ነበር። አንድ ያልነበረው ቂጣው ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለዚያውም ይህን ያሰብሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

አሁን ስለ ግራሯ ልንገራችሁ።

በአደፍ፣ በወር አበባዋ ላይ ያለች ሴት አውድማ አትረግጥም ይባላል፤ በረከት ይሸሻል። ደጋ ላይ ለጤፉም ለስንዴውም እንዲሁ ነው፣ ሰው ወደ ቆላ ሲወርድ ልማዱንም ይዞ ነው የሚወርደው። እዚህ አውድማው ሰሊጥ የሚራገፍበት ሸራ ነው። ጫማ ተወልቆ ነው የሚወጣበት። ከሸራው ወረድ ብላ አንዲት ግራር ነበረች። ሴቶቹ ጊዜያቸው ሲደርስ ማንም ሳይጠይቃቸው ሄደው ከእሷ ሥር ይቀመጡና ጆንያ ይሰፋሉ። አራት አምስት ቀን ሰፍተው ይመለሳሉ። ማንም ምንም አይልም፤ ግን ሁሉም ያያል። ከስምንቱ ሴቶች ሰባቱ በየወሩ በየተራቸው ተቀመጡባት። እህቴ አልተቀመጠችም። የሰሊጡ ርግፊያ አልቆ የማሽላው ውቂያ ተጀመረ፤ ግራሯ ያችው ናት፣ ልማዱም ያው ነው። እህቴ አሁንም አልተቀመጠችም።

እኔ ይህን አላየሁም። ያዩት ምግብ የሚያበስሉልን አሮጊት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ከጎጃም እየወረዱ በዚያ እርሻ ብዙ አዝመራ ያሳለፉ ሴት ነበሩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጀሪካን ተሸክሜ ውኃ ሳመጣላቸው ጎተት አድርገው አስቀሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ እህትህ ያችን ግራር አታውቃትም እንዴ?»

«የቷን ግራር እትዬ?»

«ወይ ወንድ! ዓይን አለው ይሉታል» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሦስት ወሯ ነው። እኔ ቆጥሬያለሁ፤ የቆጠርሁ ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። ለራሷም ነግሬያታለሁ። ‹ዝም ብለሽ ሄደሽ ተቀመጪ፣ ማን ገልጦ ያይሻል› ብላት እንቢ አለችኝ። ‹ያልመጣብኝን መጣብኝ ብዬ በሰው በረከት ላይ አልዋሽም› ነው የምትለኝ። እንዲህ ያለች ልጅ ምን ትባላለች?»

ይህን ዐረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ተሸክሜዋለሁ። በዚያች ከሰዓት ግን አልሰማሁትም። የሰማሁት «ሦስት ወሯ» የሚለውን ነው።

ማጭዷን ስትስል አገኘኋት። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «ከማን ነው?» አልኋት። እውነት ነው ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። ከማን ነው አልሁ።

ማጭዱን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው። «ወንድምዓለም፣ ወንድ አላውቅም። የሆንሁትን እኔም አላውቀው። ከመስከረም ወዲህ ሰውነቴ እንደ ደረቀ ምንጭ ሆኖ ቀረ። ሙቺ ብትለኝ ልሙትልህ፣ ወንድ አላውቅም። ደግሞስ መቼ? ቀን ከጎንህ ነኝ። ማታ ከእትዬ ጎን ነኝ። መቼ አያ?»

እውነቷን ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ከእኔ አንድ እርምጃ ርቃ አታውቅም። ግን እፍረት ሒሳብ አይችልም። ፊቴን አዙሬ ሄድሁ።

ወሬው ካምፑን አዳረሰው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አንዱ ከበስተጀርባዬ ሆኖ «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» ሲል መስመሩ በሙሉ ሳቀ፤ ከሳቁት መካከል ሁለቱ የአጯት ቤተሰብ ጎረቤቶች ነበሩ። ትራክተሯ ማለትም ቀረ። የማሽላው ምርት እንደታሰበው ሳይሆን ሲቀር ደግሞ ምክንያቱ ተገኘ፤ በረከቱን ያሸሸችው እሷ ናት፣ ሸክሟን ይዛ አውድማ እየረገጠች።

በታኅሣሥ አጋማሽ ወኪሉ ሁለታችንን አስጠራን። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ላመሰግነው አይደለም፤ ጥፋቱ የእሱ አለመሆኑ እንዲታወቅ ነው። ከትራክተሩ ጥላ ሥር ቆሞ ነበር።

«እኔ ማንንም አልከስስም» አለ። «ግን ሠራተኛው አጉረምርሟል። አንተ ወንድሟ ነህ፤ አብረሃት የምትውለውም አንተ ነህ። ንጹሕ ናት ካልኸኝ የሁሉንም አፍ አስይዛለሁ፤ አንድ ሰው ቃል አይተነፍስባትም። ምን ትላለህ?»

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ውስጥ ፍርሃት አልነበረም። እሷ መልሱን ታውቀው ነበር፤ ማለቴ፣ የምታውቅ መስሏት ነበር።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አልሁ።

አላለቀሰችም። ወደ ጎጆ ገብታ ጨርቋን ቋጠረች። ወደ ድንበሯ ከተማ ወደ መተማ ዮሐንስ ሰሊጥ የሚጭን መኪና ነበር፤ ወኪሉ ከሾፌሩ ጎን አሳፈራት። ስትሄድ ጀርባዋን አየሁ። ለምሳ ስሄድ እትዬ የታጠፈ ነገር አቀበሉኝ፤ ጠዋት ገምሳ ያስቀመጠችልኝ ግማሽ ቂጣ ነው። በላሁት።

በጥር መጨረሻ እኔም ወደ አገሬ ልመለስ መተማ ዮሐንስ ገባሁ። ሳልጠይቅ ልለፍ ብዬ ነበር፤ እግሬ ግን ጠየቀ። ወደ ጉምሩኩ በሚወስደው መንገድ ላይ ሱቅ ያላቸው አንዲት ሙስሊም ነጋዴ ለቤት ሥራ አስጠግተዋት ኖሯል። ሴትየዋ ከግቢ ሲጠሯት የወጣችው ልጅ ጠፋችኝ። ጉንጯ ሞልቷል፣ ፀጉሯ ተሠርቷል። ስታየኝ ሮጣ መጣችና እጄን ይዛ ወደ በሩ ጥግ ወሰደችኝ። በጆሮዬ ነው የነገረችኝ።

«ወንድምዓለም፣ መጣልኝ! ሳምንቱ ነው። ያው እንደ ድሮዬ።»

ትስቅ ነበር። ለእሷ ነገሩ አልቆ ነበር፤ ሆድ የለ፣ ልጅ የለ፣ ሰውነቷ ራሱ መስክሮላታል። አሁን ወንድሟ ይዟት አገሯ ሊገባ ነው።

እኔ ፊቷን አየሁ፣ ሆዷን አየሁ። «ምን ጠጣሽ?» አልኋት።

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። እጄን ስትለቀው አስታውሳለሁ፤ እያንዳንዷን ጣት።

ባለ ሱቋ ሰምተው ኖሮ ከውስጥ ወጡ። «አንተ ልጅ! እዚህ ቤት ወተት ነው የጠጣች። ፉል በዘይት፣ ዳቦ፣ ወተት። ወላሂ ሌላ ነገር አፏ አልገባም። አጥንት ሆና ነው የመጣችልኝ» አሉ። እኔ ግን ሁሉም ገብቶኝ ነበር። ሲቋረጥባት አርግዛለች፣ ሲመጣላት አስወርዳለች። ሰውነቷ ወዲህ ቢል ወዲያ ቢል ምስክርነቱ በእሷ ላይ ነበር፤ ዳኛውም የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበር። ደህና ሁኚ እንኳ ሳልል ወደ መኪናው ሄድሁ።

አገር ቤት ወሬው ቀድሞኛል። የአጯት ሽማግሌዎች መጥተው ነገሩን አፍርሰው ሄደዋል። እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ እጆቼን አየች፣ ሁለቱንም። «አንተስ ምን አየህ?» አለችኝ። ዝም አልኋት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ነቅዟል። እናቴም እስክትሞት ድረስ ሁለተኛ አልጠየቀችኝም፤ ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ እህቴ ድንበሩን ተሻግራ ሱዳን ገባች የሚል ወሬ መጣ። ከዚያ ወዲያ ወሬም አልመጣ።

ትምህርቴን ቀጠልሁ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ስፖርት ሳይንስ ደረሰኝ። ሁለተኛ ዓመት ላይ አንዲት ሴት መምህር ነበረችን፤ ጠመኔ ይዛ እየተዘዋወረች የምታስተምር። የዚያን ቀን ርእሱ የአካል እንቅስቃሴ በሴትና በወንድ ሆርሞኖች ላይ የሚያመጣው ለውጥ ነበር። ሆርሞን በደም የሚላክ መልእክተኛ ነው አለች። አንድ ወንድና አንዲት ሴት እኩል ሸክም ቢያነሱ የወንዱ ቴስቶስትሮን ለጥቂት ጊዜ ከፍ ይላል፣ የሴቷ ያን ያህል አይነቃነቅም። የእድገት ሆርሞኗ ግን ከመነሻው ከወንዱ ላቅ ያለ ነው፤ በረጅም ሥራ ላይም ስብ ማቃጠል ታውቅበታለች። የሸሚዜ ስፌት ትዝ አለኝና ፈገግ ብዬ ጻፍሁ። ፈገግታው አፌ ላይ እንዳለ ቀጠለች።

«ሴቷ ከምትበላው የምታወጣው ሲበልጥ አንጎሏ ቁጠባ ይጀምራል። ከልቧ አይቆጥብም፣ ከሳንባዋ አይቆጥብም። ቀድሞ የሚያቋርጠው ለመውለድ የሚላከውን መልእክት ነው። የወር አበባዋ ይቀራል። እርግዝና አይደለም፤ ረኀብና ድካም ነው።»

እስክሪብቶዬ ቆመ። እጄን አወጣሁ።

«ስንት ወር ሊቀር ይችላል?»

«እስክትበላና እስክታርፍ። ወራትም ቢሆን።»

«ሲመለስስ? መድኃኒት ሳትጠጣ በራሱ ይመለሳል?»

ክፍሉ ሳቀ። አንዱ «ምን አድርገህ ነው?» አለኝ። መምህሯ አልሳቀችም። «ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ምግብና ዕረፍት ነው» አለች። ወተት፣ ፉል በዘይት፣ ዳቦ። ወላሂ።

ወጥቼ እስከ ግቢው በር ሄድሁ። ከዚያ ተመልሼ ገባሁ፤ ለምን እንደተመለስሁ አላውቅም፣ ምናልባት የቀረውን ሁሉ መስማት ይገባሃል ያለኝ ነገር ነበር። የቀረውም እነሆ፦ ወንዱም ይዘጋል አለች። ሥራው ከረዘመና ምግቡ ካነሰ የወንዱም ቴስቶስትሮን ይወርዳል፣ ጉልበቱ ይሟሟል፣ ሴት አያምረውም። ነገር ግን የወንድ መዘጋት በየወሩ የሚታይ ምልክት ስለሌለው ማንም ልብ አይለውም።

የታኅሣሥና የጥር ወራት ትዝ አሉኝ። የእሷ ግማሽ ቂጣ ከቀረብኝ በኋላ ሸሚዙ መልሶ ሰፋኝ። ሳሉጉ ተሰብስቦ የሴት ወሬ ሲያወራ እኔ እንቅልፌ ይመጣ ነበር። ወባ መስሎኝ ነበር። እኔም ተዘግቼ ኖሯል። ለወንድ ግራር ስለሌለው ማንም አልቆጠረብኝም፣ ማንም ወኪል ፊት አላቆመኝም። ያንኑ ረኀብ ተርበን እሷ ብቻ ተቀጣች።

ስመረቅ ቆላውን ለምኜ ነው የተመደብሁት። ጓደኞቼ አብደሃል አሉኝ። በመጀመሪያው ቅዳሜ መተማ ዮሐንስ ሄድሁ። ባለ ሱቋ አርጅተዋል፣ ግን አወቁኝ። ሻይ አላቀረቡልኝም፤ ልክ ናቸው።

«አንድ ወር ሙሉ በየቀኑ በር ላይ ትቆም ነበር» አሉኝ። «‹አስቦ ይመለሳል፣ ወንድሜ ልቡ ደግ ነው› ትለኝ ነበር። እኔም እሺ እላታለሁ። አንድ ጠዋት መቆሟን ተወችና ወደ ገዳሪፍ የሚሄዱ ሴቶች አገናኙኝ አለችኝ።» ከዚያ ወዲያ እሳቸውም የሚያውቁት የለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜዎቼ የመተማ ናቸው። ወዲያ ማዶ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ ደግሞ ሰው በእግሩ፣ ሕፃን አዝሎ፣ ፍራሽ ተሸክሞ ከድንበር ማዶዋ ከተማ ከገላባት ይሻገር ጀመር፤ ብዙ ዓመት እዚያ የኖሩ የእኛም አገር ሴቶች አሉበት። ከባጃጆቹ ማቆሚያ አጠገብ ቆሜ አያለሁ። ሌላው ሰው ፊት ነው የሚያየው፣ እኔ ካለፉ በኋላ ጀርባቸውን አያለሁ፤ ጀርባዋን ነው የማውቀው። አንድ ቀን አንድ ጀርባ አየሁና ሳላስበው «እታለም!» ብዬ ጮኽሁ። ሦስት ሴቶች ዞሩ። አንዷም እሷ አልነበረችም። ከሦስቱ አንዷ ግን ቶሎ አልሄደችም፤ የሚጠራት ሰው ያገኘች መስሏት ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ይቅርታ ጠይቄ ሸሸሁ።

በትምህርት ቤቱ የሩጫ ቡድን አለኝ። ሴቶቹን እንደ ወንዶቹ አላሠራም፤ በጾም ቀን ከባድ ልምምድ የለም፣ ሳትበላ የመጣች አትሮጥም። ሲያሾፉብኝ «መምህር ሯጭ ያሠለጥናል ወይስ በግ ያደልባል?» ይላሉ። ያም ሆኖ ሁሉን አላይም። ባለፈው ጥቅምት፣ የርግፊያው ሰሞን፣ ከሴቶቹ አንደኛ የሆነችው ልጅ አባት ወደ ቢሮ መጣ። ገበሬ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ዱላውን በር ላይ አስደግፎ ቆመ። ተቀመጡ ብለው አልቀመጥም አለ።

«መምህር፣ ለመናገር ያሳፍራል» አለ። «እናቷ የነገረችኝ ነው። ልጅቷ... የሴቶች ነገር ቀርቶባታል። አራት ወሯ። ጎረቤትም ሹክሹክታ ጀምሯል። እርስዎ ቀን ከቀን የሚያዩዋት ነዎት። እውነቱን ይንገሩኝ፣ ልጄ ንጹሕ ናት?»

«ንጹሕ ናት» አልሁት። ጥያቄውን ሳይጨርስ ነው መሰለኝ ያልሁት፤ ደንገጥ ብሎ አየኝ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ለእናቷ ማን ነገራት?»

«ራሷ ናት የነገረቻት።»

«መደበቅ ስትችል አልደበቀችም። ይህን ያዙልኝ» አልሁት። ከዚያ በኋላ ያለማቋረጥ አወራሁ። ጠዋት ከእኔ ጋር ትሮጣለች፣ ከሰዓት በእናንተ እርሻ ታጭዳለች፣ ትጾማለች፣ ምናልባትም ከድርሻዋ ለወንድሞቿ ታካፍላለች። ወንዱን ሥራው ለጊዜው ትከሻ ያወጣለታል፤ የሴቷ ሰውነት ግን የሚገባው ከሚወጣው ሲያንስበት በሩን ይዘጋል። በሽታም ሊኖር ስለሚችል ጤና ጣቢያ ውሰዷት፣ ይመርምሯት። ከሩጫውም ከእርሻውም ትረፍ፣ ትብላ። ግን ከሁሉ በፊት ዛሬውኑ ቤት ግቡና አምንሻለሁ በሏት። ከምርመራው በፊት።

ገበሬው ስሰብክ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ግማሹ የገባው አይመስለኝም። ባርኔጣውን ራሱ ላይ ደፋ።

«እርስዎ ካሉ አበቃ» አለኝ።

ይኸው ነው። ሆርሞኑም ሳይገባው፣ መጽሐፉም ሳይገለጥለት፣ ቀን ከቀን የሚያያት ሰው ንጹሕ ናት ስላለው አበቃ። ለካስ ትራክተሩ ጥላ ሥር የተጠየቅሁት ዕውቀት አልነበረም።

ዱላውን አንሥቶ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። ፊቱ ቀልሎት ነበር። ከውጭ የርግፊያው ድምፅ ይሰማል፤ መስኮቱን መዝጋት ረስቼ ነበር።

«ስለ ሴት ልጅ እንዲህ አጥብቀው የሚናገሩት፣ እህት አለዎት መሰለኝ?»

«አለችኝ።»

«እግዜር ያቆያት። የት ናት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አልሁት።

ይህን መልስ ስለ እሷ ስሰጥ ሁለተኛዬ ነው። በዚህኛው ግን አልዋሸሁም።